አንድ ፓኬት የእርግብ ብስኩት

ሰባ ሰባት ክፉ ዘመን ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ዝናብ ነፈገ። ጤፍ ከገበያ ጠፋ። ቀጨኔ ውስጥ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩ ወረፋ ይይዝለታል። ከሰሜን የመጡት በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተኙ። ብዙዎቹ ከዚያ አልተነሱም።

በዚያ ዓመት ብርሃኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ አሻጊ ነበረች፤ ቁጥሯ አሥራ ሰባት። አባቷ ዓምሃ የቀበሌው መጋዘን ዘበኛ ነበር። በመጋቢት ለሕፃናት የመጣ አንድ ካርቶን የእርግብ ብስኩት ከመጋዘኑ ጠፋ። አንድ ምስክር በዝግ ተሰማ፤ ማን እንደሆነ ለቤተሰቡ አልተነገረም። ዓምሃ ሦስት ዓመት ታሰረ። ሲወጣ ሳል ይዞት ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እድሩ ለሌባ ድንኳን አልተክልም አለ።

«ስሜን መልሺልኝ» ነበር የመጨረሻ ቃሉ።

ሌላም ዕዳ ነበረባት። አባቷ በታሰረ ሰሞን ታናሽ ወንድሟ በረሃብ ዝሎ ተኛ። ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘጋ። የባለሱቁ ሚስት ኡሙሀኒ ብቻ አንድ ቀን አንድ ፓኬት የእርግብ ብስኩት በሻርፓቸው ሥር ደብቀው መጡ። «ምጽዋት እንዳይመስልሽ፤ ብድር ነው። ስታገኚ ትመልሻለሽ» አሏት። ወንድሟ ተረፈ። ፋብሪካው ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ብድሩም ሳይመለስ አርባ ዓመት አለፈ።

የድሮው የመጋዘን ኃላፊ ጋሽ ስብሐት የሞቱት ዘንድሮ በግንቦት፣ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከብርሃኔ እጅ ጉርሻ ተቀበሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሞቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ገበያ ያለው የሸፊ ሱቅ ድሮ የቀበሌው መጋዘን ነበር። ሸፊ የኡሙሀኒ ልጅ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ሱቁ ሊፈርስ ስለሆነ ሐሙስ ዕለት ኮርኒሱን ሲያነሳ አንድ ካርቶን ትከሻው ላይ ወደቀ። ውስጡ በሰማያዊ የሰም ወረቀት የታሸገ ብስኩት፣ በላዩ ነጭ እርግብ። ወሬው እስከ ቁስቋም ወጣ። የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች እየመጡ ወረቀቱን ያሸቱ ጀመር።

«ሻይ ውስጥ ነክረን፣ ተቆርሶ ኩባያ ውስጥ ሲቀር በጣት የምናወጣው!» ይላል አንዱ።

«አንተ ደግሞ መቼ ነክረህ ታውቃለህ? የእኔን ቀምተህ አይደል የምትበላው!» ይላል ሌላው።

የጋሽ ስብሐት የልጅ ልጅ ትሕትና በስልኳ የድሮ ነገር እየቀረጸች የምታሳይ ልጅ ናት። አንዱን ፓኬት መርጣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። «ይቺ የእትዬ ብርሃኔ ናት። እሑድ ራሷ ያሸገችውን ራሷ ከፍታ ትቀምሳለች» አለች። እዚያ የነበሩት ሸፊ፣ የድሮው የመጋዘን ኃላፊ ጋሽ ስብሐት፣ ያኔ የቀበሌ ጸሐፊ አሁን የእድር ሊቀመንበር የሆኑት አቶ ኖህ እና ብርሃኔ ነበሩ።

ብርሃኔ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ወረቀት አየች። የአሻጊው ቁጥር ተጽፎባታል፤ አሥራ ሰባት።

«ይህን ካርቶን አውቀዋለሁ» አለች። «እሑድ በሰው ፊት የምናገረው አለኝ።»

እሑድ ሻይ ተጠጣ፣ ፓኬቱ ተከፈተ። ብርሃኔ የላይኛውን ብስኩት አንስታ ልትቀምስ ስትል ከጎኗ ጋሽ ስብሐትን አየች። ታላቅ እያሉ መቅደም አልሆነላትም። እጇን ወደ እሳቸው አዞረች።

እሳቸውም ጎረሱ።

ከጣቢያ የመጣችው ኢንስፔክተር ሃዊ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ሰው ማብራራት ሲጀምር «በአፍ አይንገሩኝ፤ በእጅ ያሳዩኝ» የምትል ናት። ሱቁን ዘግታ አራቱንም እዚያው አስቀመጠቻቸው። ብርሃኔ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ እጇን ታየው ጀመር። ያ እጅ ነው ያጎረሰው። ታጥበዋለች፤ መልሳ ታጥበዋለች።

«እትዬ፣ እንዴት እንዳጎረሱ ያሳዩኝ።»

ብርሃኔ ባዶ እጇን አነሳች።

«የአባትዎን ታሪክ ሰምቻለሁ። ምስክሩ ጋሽ ስብሐት ናቸው ብለው ያስቡ ነበር?»

«አስብ ነበር።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ደነገጠች። ሃዊ ግን ወደ ሸፊ ዞረች። ሸፊ ላብ በላብ ሆኗል።

«በአላህ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» አለ። «ኮርኒሱ ላይ በየዓመቱ በቀዳዳ የአይጥ መርዝ እበትናለሁ። አራት ፓኬት ደግሞ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ልጆች አሏቸው!»

ፖሊሶቹ ሮጡ። ሦስቱ ፓኬት ሳይነካ ተገኘ። አራተኛውን የአምስት ዓመቷ ኢየሩ ግማሹን በልታለች። እናቷ አቅፋት እየጮኸች በሱቁ ደጃፍ አለፈች። በዝግ በር ውስጥ ያ ጩኸት እንደ ቢላ ገባ። ከውጭ የተሰበሰበው ሰው «የሌባ ዘር! አሁን ደግሞ ሰው ፈጀች!» እያለ የሱቁን የብረት በር ይደበድባል።

«አባትህ ይህን መጋዘን መቼ ተከራየ?» አለች ሃዊ ሸፊን።

«በሰማንያ አራት።»

«ካርቶኑን ያስቀመጠው እሱ ሊሆን አይችልም?»

«አባቴ ሌባ አይደለም!» ሸፊ ከመቀመጫው ተነሳ።

ብርሃኔን ያች በሻርፕ ሥር የመጣች አንድ ፓኬት ትዝ አለቻት። ከየት ነበር የመጣችው? ወንድሟን ያዳነው አባቷን ያሳሰረው ብስኩት ቢሆንስ?

ትሕትና አይኗ አብጦ ስልኳን አቀረበች። ቪዲዮው ላይ ጋሽ ስብሐት ይስቃሉ። አቶ ኖህ የስኳር ዕቃውን እየገፉ «ጨምሩበት እንጂ ጋሽ ስብሐት፣ መራራ ሻይ ለማን ነው?» ይላሉ። ጋሽ ስብሐት ሦስት ማንኪያ ይጨምራሉ። ቀጥሎ የብርሃኔ እጅ ወደ ጋሽ ስብሐት ይዞራል። አቶ ኖህ ብድግ ይላሉ። «ይተዉ! ስኳር በሽታ አለብዎት፣ አይብሉ!» ጋሽ ስብሐት ግን «የዓምሃ ልጅ እጅ አይመለስም። ባለዕዳዋ ነኝ» ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ሃዊ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አየችው።

«ልታደጋቸው ነበር» አሉ አቶ ኖህ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ማን ሰማኝ?»

«የድሮው መጋዘን ቁልፍ በማን እጅ ነበር ጋሼ?»

«በስብሐት ብቻ። ነፍሱን ይማረው።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አሮጊት ድምፅ መጣ። ኡሙሀኒ ናቸው፤ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን የሃያ ዓመት።

«ምን በስብሐት ብቻ! ሁለት ቁልፍ ነበር። ጸሐፊው እየከፈተ ሲገባ ስንት ቀን አይቻለሁ። ዘበኛው ምስኪን ግን ከደጅ ነው ብርድ የሚመታው።»

«አርጅተዋል፣ ይረሳሉ» አሉ አቶ ኖህ።

«አንተ ያኔ በማን ጫማ ትሄድ እንደነበር ሁሉ አስታውሳለሁ» አሉ ኡሙሀኒ።

አመሻሽ ላይ ኢየሩ ምንም እንዳልሆነች ተሰማ። ሃዊ ራሷን ነቀነቀችና ብርሃኔን ከሰፈር እንዳትወጣ አስጠንቅቃ ለቀቀቻት።

ሰኞ ብርሃኔ ደጇን ስትከፍት ጎረቤቷ ልጇን በክንዱ ስባ አስገባችና በሯን ዘጋች። ያው የሰባ ሰባት በር፣ ያው የመቀርቀሪያ ድምፅ።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ኖህ መጡ። አንድ ደብዳቤና በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል።

«ነገሩ እስኪጣራ ከእድሩ ታግደሻል፤ የኮሚቴው ውሳኔ ነው፣ ምን ላድርግ» አሉ። «ብቻ በባዶ ሆድሽ አትዋዪ። እህል ቅመሺ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ኖህ።»

ከሰዓት በኋላ ሃዊ መጣች። ደብዳቤውን ተቀበለች፤ ጽሑፉን ግን አላነበበችም።

«መጀመሪያ እንዴት ታጥፎ ነበር? እንደነበረ መልሰው አጥፈው ያሳዩኝ።»

ብርሃኔ በወረቀቱ መስመር ተከትላ አጠፈችው። ሁለቱ ማዕዘን እንደ ጆሮ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ጥቅል። ሃዊ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ዓይኗ ዳቦው ላይ አረፈ።

«ይህንስ ማን አመጣው?»

«ጋሽ ኖህ።»

«በልተውለታል?»

«አልወረደልኝም።»

ሃዊ ዳቦውን አነሳች። «እትዬ፣ እስከ ነገ ከማንም እጅ ምንም እንዳይበሉ።»

«ለምን?»

«ብቻ እንዳይበሉ።»

ሃዊ ከወጣች በኋላ ብርሃኔ ለብዙ ጊዜ ቆማ ቀረች። ያ ፓኬት ሰው ሁሉ በሚገባበት ሱቅ ሦስት ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የእትዬ ብርሃኔ ናት» ተብሎለት። የላይኛው ብስኩት የተዘጋጀው ለእሷ አፍ ነበር። ጋሽ ስብሐትን የገደለው የእሷ ሞት ነው። የፈለጋትም ሰው አሁንም በዚህ ሰፈር ይወጣል፣ ይገባል፣ እግዜር ያጥናሽ ይላል። በሩን ዘጋች። ጠረጴዛውን በሩ ላይ ገፋች። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ አባቷን በወሰዱበት ቀን እንኳ።

ማክሰኞ ጠዋት ሃዊ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ሸፊ፣ ትሕትና፣ አቶ ኖህ፣ ብርሃኔ። ኡሙሀኒም ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

ሃዊ ለአራቱ እኩል የተቆረጠ ወረቀት አደለች።

«ገድሏል የምትሉትን ሰው ስም ጻፉ። ማንም እንዳያይባችሁ በደንብ አጥፋችሁ እዚህ ጣሳ ውስጥ ጣሉ።»

«ዕጣ ነው እንዴ የምናወጣው?» አለ ሸፊ።

«እንደዚያ ቁጠረው።»

አቶ ኖህ በእጃቸው ከልለው ጻፉ። አራቱ ወረቀት ጣሳው ውስጥ ገባ። ሃዊ አንድ በአንድ አውጥታ ሳትከፍት ባንኮኒው ላይ ደረደረች። ከጎናቸው ሰማያዊውን የሰም ወረቀት አስቀመጠች።

«የምርመራው ውጤት መጥቷል» አለች። «መርዝ የተገኘው በአንድ ፓኬት፣ በላይኛው አንድ ብስኩት ላይ ብቻ ነው። የአይጥ መርዝ አይደለም። ሸፊ፣ አንተ ሰው አልገደልክም።»

ሸፊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነካክቻለሁ። ድሮ ፓኬቱ የሚታሸገው በዱቄት ሙጫ ነበር። ሙጫውን በረሮ በልቶታል፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይበተናል። ይህ ግን መገጣጠሚያው አልላቀቅ ብሎ፣ እትዬ ብርሃኔ በጥፍራቸው ነው የቀደዱት፤ ቪዲዮው ላይ አለ። አንድ ሰው ከፍቶ፣ መልሶ በኮላ አጣብቆታል።»

«ያሸገችው እሷ፣ ያጎረሰችው እሷ!» አሉ አቶ ኖህ።

«እትዬ፣ ይህን ወረቀት ያጠፉት እርስዎ ነዎት?» ሃዊ ከአራቱ አንዱን አነሳች።

ብርሃኔ አየችው። ቀኝ በግራ ላይ፣ ጫፉ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ። ሳታስበው አጥፋዋለች።

«የአሻጊ እጥፋት ነው» አለች ሃዊ። «አርባ ዓመት አለፈ፤ እጅ ግን አልረሳም። በሰም ወረቀቱም ላይ ይህ እጥፋት አለ፤ አሮጌ መስመር ነው። በላዩ ሌላ አዲስ እጥፋት አለ። እትዬ ቢያሽጉት ኖሮ እጃቸው የሚያውቀውን ያጥፍ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ጋሽ ስብሐትን አልፈለገም። ፓኬቱ የማን ነው ተብሎ ነበር ትሕትና?»

«የእትዬ...» ትሕትና አፏን ያዘች።

«የእሳቸው። ሐሙስ ዕለት ‹የምናገረው አለኝ› ብለዋል። እትዬ፣ አሁን ይናገሩት።»

ብርሃኔ ተነሳች።

«ካርቶኑን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሰባት ቁጥር ለዚህ ቀበሌ የወጣው አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ እሱም የጠፋው ነው። አባቴ ይዞ ወጣ ተባለ። ከዚህ ቤት ግን አልወጣም! አርባ ዓመት እራሳችን ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«ካርቶን አርባ ፓኬት ይይዛል» አለች ሃዊ። «አራት ለጎረቤት፣ አንድ ለእትዬ፣ ሠላሳ አምስት ቀርቷል። አንድም አልጎደለም።»

ብርሃኔ ወደ ኡሙሀኒ ዞረች። ያች ፓኬት ከዚህ አልወጣችም። ንጹሕ ነበረች። ዓይኗ በእንባ ሞላ።

«ዘበኛው ቁልፍ አልነበረውም» ሃዊ ቀጠለች። «ኃላፊውና ጸሐፊው ነበራቸው። ኃላፊው ቢሆኑ፣ እሑድ ያን ብስኩት አይጎርሱም ነበር። ጋሽ ኖህ፣ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨመር እርስዎ ነዎት ዕቃውን የገፉላቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ለአንድ ብስኩት ‹ስኳር በሽታ አለብዎት› ብለው ጮኹ። ከምን ሊያድኗቸው ነበር?»

ሃዊ ከአራቱ ወረቀት ሌላውን አነሳች። ሁለት ጆሮ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ጥቅል። የሰኞውን የእድር ደብዳቤ ከኪሷ አውጥታ ከጎኑ አደረገች። ሁለቱንም ወደ ሰማያዊው ወረቀት አስጠጋች። ሦስቱ አንድ ነበሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የእድር ጥሪ ያጠፈ እጅ ነው። ምን እንደሚጽፉ ተጠንቅቀዋል። እንዴት እንደሚያጥፉ ግን አላሰቡም።»

«ወረቀት ማንም ያጥፋል!»

«ያጥፋል። ዛሬ ማለዳ ግን የእድሩን ቢሮ ፈትሸናል። ከመዝገብ ሳጥኑ ሥር የተከፈተ የተባይ መርዝ አለ፤ የገደለውም እሱ ነው። ለድንኳኑ ብል ነው እንዳይሉኝ፤ ብል ብስኩት አይበላም።»

አቶ ኖህ ባንኮኒውን ያዙ። ድንገት በጣም ያረጁ መሰሉ።

«ረሃብ ነበር» አሉ። «እናቴ ጦም ታድር ነበር። ካርቶኑን ኮርኒስ ውስጥ ሸሸግሁት፤ ቀስ እያልኩ ላወጣው። ፍተሻ መጣ። ከእኔ ይራቅ ብዬ የዓምሃን ስም ጠራሁ። ወዲያው ወደ ሰፈራ ዘመቻ ላኩኝ፤ ስመለስ ቁልፉ ተቀይሯል። ስብሐት ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ ያውቃል፤ ፈርቶ ዝም አለ።»

«ዳቦውስ?» አለች ብርሃኔ በሹክሹክታ።

«ዳቦው ዳቦ ነበር።»

ሃዊ በጭንቅላቷ አረጋገጠች። ዳቦው ንጹሕ ነበር።

«ታዲያ እኔን ለምን? የአባቴን ስም ብቻ ነበር የምጠይቀው።»

«በእድሩ ደንብ ላይ ሌባ አይቀበርም የሚለውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ኖህ። «ለስንቱ ሰው አፈር አለበስኩ። ስሜ ከወጣ ማን ይቀብረኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ አይደለም፤ ፈራሁ።»

ብርሃኔ ቀረብ አለች። ከዚያ ቀን በፊት አቶ ኖህን አንተ ብላ አታውቅም።

«አባቴን የቀበርነው እኔና የኡሙሀኒ ባል ነን። ጉድጓዱን ሁለታችን ቆፈርነው። አንተን ግን እድሩ ይቀብርሃል። ማንም ባይመጣ እንኳ ድንኳኑን እኔ እተክላለሁ። በዚህ አትፍራ።»

አቶ ኖህ አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ።

ረቡዕ ጋሽ ስብሐት ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። ከቀብሩ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ዮናስ ሰው ሳይበተን ተነስቶ የዓምሃን ስም ጠራ። «አልሰረቀም። እኛ ነን የበደልነው» አለ። ዛፍ ሥር የቆሙት ሽማግሎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብርሃኔ አላለቀሰችም። ቆማ ሰማች፤ እንዲደግመው ጠየቀች፤ ደገመው።

በሳምንቱ ሃዊ አንድ የተመረመረ ፓኬት አምጥታ ሰጠቻት። ብርሃኔ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ሠራች። ጫፉን ቀኝ በግራ ላይ አጠፈች፣ ምላሱን ወደ ውስጥ ከተተች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ከዚያ ወደ ሸፊ ጓዳ ወረደች።

«ብድሬን አመጣሁ» አለች።

ኡሙሀኒ ፓኬቱን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አርባ ዓመት አቆየሽው።»

«ፋብሪካው ተዘጋ እኮ።»

«ሰበብ።»

«ወለዱን ልጨምርልዎት?»

«ወለድ ሐራም ነው። አንዱ ይበቃኛል» አሉና ፓኬቱን ሻርፓቸው ሥር አስገቡት፤ ልክ ያኔ ይዘውት እንደመጡ።